ሲኒው ዞሯል ወይስ አልዞረም?

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ከእናንተ አንዱ ደውሎ «ጋሼ፣ ዕቃ ሲንቀሳቀስ በቪዲዮ ላይ ነጥቦችን የሚከታተል ፕሮግራም ጽፌ ነበር፤ ኮዱ ልክ ነው፣ ነጥቦቹ ግን ዕቃውን ይስታሉ» አለኝ። ምን ዕቃ? ስለው «ጠርሙስ» አለኝ። ሳቄ መጣ። አቦ፣ እኔን ያዋረደኝም ጠርሙስ ነው!

እዚሁ ድሬዳዋ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ጠርሙሱ ባለበት ቆሞ በደንብ መሽከርከሩን ካሜራ እንዲያረጋግጥ ፈለጉ። ሉካስና ካናዴ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት፣ አንድ ነጥብ በሚቀጥለው ፍሬም ላይ ወዴት እንደሄደ በሚፈልግ ዘዴ፣ ጠርሙሱ ላይ ነጥቦችን ተከታተልኩ። አንድም ነጥብ አልጠፋም፤ አንድም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። «ጠርሙሱ አይዞርም» ብዬ በልበ ሙሉነት ሪፖርት አደረግሁ። የማሽኑ ኦፕሬተር እጄን ይዞ ወሰደኝ። ጠርሙሱ እንደ እንዝርት ይሾራል።

ያን ቀን ከሰዓት ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም አየሁት። ለካ ነጥቦቼ የተጣበቁት የጣሪያው አምፖል ጠርሙሱ ላይ በጣለው ነጸብራቅ ላይ ኖሯል። ጠርሙሱ ቢዞር አምፖሉ ምን ቸገረው?

ዛሬ ቡና ሲፈላ ጌጥ የሌለው ነጭ ሲኒ ውሰዱና ረከቦቱ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። ዞሯል? ዓይናችሁም አይለይም። ጎኑ ላይ የቡና ጠብታ ካለ ግን ወዲያው ታውቃላችሁ። ሃሪስና ስቲፈንስ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጡት ማዕዘን ፈላጊም (የሃሪስን ስም ስሰማ የሐረር ልጅ መስሎኝ ነበር) የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ጠብታ ነው፤ በየትኛውም አቅጣጫ ብትሄዱ ብርሃኑ የሚለወጥበትን ቦታ። ልሙጥ ገላ ላይ ይህ የለም።

ጠርዙስ? ጠርዙም ተንኮለኛ ነው። ክብ ነገር ላይ የምናየው ጠርዝ ዕቃው ላይ የተሳለ መስመር አይደለም። ካሜራው ቦታ ሲቀይር ጠርዙም ገላው ላይ ይንሸራተታል። ዕቃው የት እንዳለ ብቻ ማወቅ ከፈለጋችሁ ግን ጠርዙ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1988 «እባብ» ተብሎ የወጣው ዘዴ ለዚህ ይሆናል፤ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ መስመር ወደ ጠርዙ ተስቦ ይጣበቃል። መዞሩን ግን አይነግራችሁም።

እና እባካችሁ፣ ፕሮግራሙ የሚያወጣው የስህተት ቁጥር ትንሽ ነው ብላችሁ አትዝናኑ። የእኔም ትንሽ ነበር። ነጥቦቹን ቪዲዮው ላይ ደርባችሁ፣ አዝግማችሁ፣ በዓይናችሁ እዩ።

በማግስቱ ስመለስ ስለ ነጸብራቁ ለኦፕሬተሩ አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና ከኪሱ ማርከር አውጥቶ ጠርሙሱ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ አደረገ።

«አሁንስ?» አለኝ።

አሁንማ ዞረ።