ፒክአፕ ከፍ ሲደረግ ስታቢላይዘሩ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የ1996 ሞዴል ላንድክሩዘር ፒክአፕ አለኝ፤ ፊትም ኋላም ባሌስትራ (ድርብርብ ዝርግ ብረት) ነው። ከድሬዳዋ ሐረር ዕቃ አመላልስበታለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ባቢሌ አካባቢ ገጠር እገባለሁ። ድንጋዩ ስላስቸገረኝ 2 ኢንች ከፍ ላስደርጋት ነው። መካኒኩ “የፊት ስታቢላይዘሩን አውጥተህ ጣለው፣ ጎማው እንደልቡ ይንቀሳቀስ” አለኝ። ጓደኛዬ ግን “ደንገጎ ዳገት ላይ ትገለበጣለህ” ብሎ አስፈራራኝ። ማንን ልስማ?
ከሳቢያን

መልስ፦ አቦ፣ ጓደኛህን ስማ። መካኒኩም ግን ዝም ብሎ አልተናገረም።

ስታቢላይዘር መሀሉ በጎሚኒ (በጎማ መያዣ) የታሰረ፣ ጫፍና ጫፉ ደግሞ በሊንክ (በአጭር ማያያዣ ዘንግ) የተያያዘ ጠማማ ብረት ነው። የሻንሲውንና (የመኪናዋን የሥር አጽም) የአክስሉን (ሁለቱን ጎማዎች የሚይዘውን) ግራና ቀኝ ያገናኛል። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲነሱ ሥራ የለውም፣ አብሮ ይነሳል አብሮ ይወርዳል። ሥራው የሚጀምረው አንዱ ጎን ሲጫን ሌላው ሲለቀቅ ነው። ያኔ ብረቱ ይጠመዘዛል፣ ሲጠመዘዝ ደግሞ ይታገላል፣ መኪናዋም ብዙ እንዳታዘነብል ይይዛታል። ኩርባ ላይ የሚጠቅምህ ይሄ ነው። ባቢሌ ድንጋይ ላይ የሚያስቸግርህም ይኸው ነው፤ ግራው ጎማ ቋጥኝ ሲወጣ ቀኙን አብሮ ወደ ላይ ይጎትተዋል፣ ቀኙም መሬቱን ይለቅና ባዶውን ይሽከረከራል። መካኒኩ ያየው ይህን ነው።

አሁን መንገድህን አስብ። ድሬ 1,200 ሜትር ከፍታ አካባቢ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፣ ከባዱ ዳገት ደግሞ እስከ ደንገጎ ያለው ነው። ኩርባ በኩርባ። አንተ ደግሞ ያን መንገድ ባዶህን አይደለም የምትሄደው፣ ጭነህ ነው። 2 ኢንች ማለት 5 ሴንቲሜትር ነው፤ የመኪናዋም የጭነቱም ክብደት በዚያው ልክ ወደ ላይ ይወጣል፣ ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ማዘንበሏም ይጨምራል። እንግዲህ ማዘንበሉን በጨመርክበት ቀን ማዘንበሉን የሚይዘውን ብረት ማውጣት ምን ይሉታል? ከፍ ስታደርጋት ስታቢላይዘሩ የበለጠ ያስፈልግሃል።

ያለ እሱ የሚነዱ አሉ፣ አውቃለሁ። ባሌስትራ ራሱ ደረቅ ስለሆነ ማዘንበልን ጥቂት ይቋቋማል፤ ፊቷ ጥቅልል ሞላ ቢሆን ኖሮ ጭራሽ አታስበው እልህ ነበር። ግን ቀስ ብሎ መሄድ ሌላ፣ ድንገት ፍየል ገብታብህ መሪ መጠምዘዝ ሌላ። ደግሞ የፊቱን ብቻ ስታወጣ ማዘንበሉን አብዛኛውን የሚሸከመው ኋላው ይሆናል፣ በዝናብ ቁልቁል ስትወርድ ጭራዋ ለመንሸራተት ይቀናታል። ሰው ይህን አያስተውልም።

ስለዚህ ይቆይ፣ ግን እንዳለ አይቆይም። ከፍ ስትል አክስሉ ከሻንሲው ይርቃል፣ ሊንኩ አጭር ይሆንበታል፣ የብረቱ ክንድም ወደ ታች ያዘቀዝቃል። ክንዱ መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ወደ አግድም ቢጠጋ ጥሩ ነው። መፍትሔው በዚያው 5 ሴንቲሜትር የረዘመ ሊንክ መግጠም ነው፣ ወይም ብረቱ ሻንሲ ላይ የሚታሰርበትን ቦታ በወፍራም ብረት ዝቅ ማድረግ። እባክህ የድሮውን ሊንክ ቆርጦ በብየዳ ማስረዘም የሚባል ነገር አትቀበል፣ የሚሰበረው ደንገጎ ላይ ነው። ጎሚኒዎቹንም አብረህ ቀይር፣ በዚህ ዕድሜ ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል፤ “ቋ ቋ” የሚል ድምፅ ካለህ ከእነሱ ሊሆን ይችላል። ተገጥሞ ሲያልቅ ሻንሲውን በክሪክ አንስተህ ሁለቱም የፊት ጎማዎች እስኪንጠለጠሉ ድረስ ልቀቃቸውና ሥር ገብተህ እይ። በክሪክ ብቻ ግን ሥር አትግባ፣ ጠንካራ ማቆሚያ አስደግፍ። ሊንኩ ወደ ኋላ ተገልብጦ ከሆነ ወይም ብረቱ የሆነ ነገር ከነካ፣ አልተስተካከለም።

ባቢሌ ድንጋዩ ውስጥ ስትገባ ሊንኩን ለጊዜው መንቀል ትችላለህ። በእጅ የሚወጣ ፒን ያለው ሊንክ ካገኘህ ጥሩ፣ ካላገኘህ ብሎኑን ፍታ። ሁለቱንም ጎን ፍታ፣ አንዱን ብቻ አይሆንም። የተፈቱትን ጫፎች ጎማና መሪ እንዳይነኩ ወደ ላይ አጥብቀህ እሰር። ቀስ ብለህ ንዳ፣ አስፋልት ከመውጣትህ በፊት መልሰህ ግጠም።

አንድ ያልጠየቅከኝን ልጨምር፣ ምክንያቱም ከስታቢላይዘሩ የባሰ ነው። የፍሬን ዘይት የሚሄድባቸው የጎማ ቱቦዎች ለአዲሱ ከፍታ መድረሳቸውን ያኔ መኪናዋ ተንጠልጥላ ሳለ እይ፣ መወጠር የለባቸውም። ከኋላ አክስል ወደ ሻንሲ የምትወጣ ቀጭን ዘንግ ያላት የፍሬን ቫልቭ ካለችህ ደግሞ እሷም ትስተካከል። ቫልቯ ጭነት መኖሩን የምታውቀው አክስልና ሻንሲ ሲቀራረቡ ነው፤ መኪናዋን ከፍ ስታደርጋት ባዶ የሆነች ይመስላትና ለኋላ ጎማ ፍሬን ትቀንሳለች። መካኒኩ ዘንጓን እንዲያስተካክልልህ ንገረው፣ ከዚያ መኪና የማይበዛበት ሜዳ ላይ አንዴ ባዶዋን አንዴ ጭነህ ፍሬኑን ሞክር፣ ዳገቱን የምትወጣው ከዚያ በኋላ ነው።