ኦዲት ድርጅት ልግባ ወይስ ባንክ? ብለሽ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ በአካውንቲንግ እንደተመረቅሽ፣ ባንክ ሻል ባለ ደመወዝ፣ አንድ ኦዲት ድርጅት ደግሞ በጀማሪ ኦዲተርነት እንደጠሩሽና መወሰን እንዳቃተሽ ጽፈሻል። እኔ የሌሎች ድርጅቶችን ሒሳብ ከውጭ ሆኖ በሚመረምር ኦዲት ድርጅት 7 ዓመት ቆይቻለሁ። የቤት ኪራይ የሚያስጨንቅሽ ከሆነ ባንኩን ያዢ፤ ማንም አይፈርድብሽም። ካልሆነ ግን ቢያንስ ሁለት የሒሳብ መዝጊያ እስክታዪ ኦዲቱን ሞክሪ። በመጀመሪያው ዓመት ቫውቸር (የክፍያ ማዘዣ) ከደረሰኝ ስታመሳክሪ ትውያለሽ፤ ለምን እንደምታመሳክሪ የሚገባሽ በሁለተኛው ነው።

እኔን ያነቃኝ በሒሳብ ዓመቱ መዝጊያ፣ ሰኔ 30፣ የሚደረገው የዕቃ ቆጠራ ነው። ዝናቡ እየወረደ አንድ የእህል መጋዘን ተላክን። የክምሩን ፊትና ጎን ቆጥሬ አባዛሁ፤ ከመዝገቡ ጋር ልክ ገጠመ። ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል አለቃዬ «ክምሩ ላይ ውጣ» አለኝ። ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ። መሐሉ ባዶ ነበር፤ ጆንያዎቹ እንደ ግንብ ዳር ዳሩን ብቻ ተደርድረዋል። ባንክ ገብቼ ቢሆን ክምር ላይ የሚያስወጣኝ አለቃ ባልኖረኝ ነበር።

ድካሙን አልደብቅሽም። የደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች (ትልልቆቹ) ሒሳባቸውን የሚያቀርቡት እስከ ጥቅምት 30 ነው፤ አንዳንዱ ደንበኛ ግን ሰነዱን በፌስታል ጠቅልሎ የሚመጣው መስከረም ካለቀ በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን ሠርግም ለቅሶም ያመልጥሻል።

ዋናው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ዲግሪ ብቻውን በኦዲት ሪፖርት ላይ አያስፈርምም። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ ሙያውን የሚቆጣጠረው የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው፤ ለኦዲተሮች ፈቃድ የሚሰጠውም እሱ ነው። ብዙዎቻችን የያዝነው መንገድ ኤሲሲኤ (ACCA) የሚባለው ዓለም አቀፍ የአካውንቲንግ ሙያ ማረጋገጫ ነው፦ 13 ፈተናዎች (ዲግሪሽ ከመጀመሪያዎቹ አንዳንዶቹን ሊያስቀርልሽ ይችላል) እና በኃላፊ የተረጋገጠ የ3 ዓመት የሥራ ልምድ። ፈተናው በዓመት አራት ጊዜ ቢሰጥም በነሐሴ መጨረሻ የሚውለው ከሥራው ግርግር ጋር ይጋጫል። እኔ ሁለት ጊዜ አምልጦኛል፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑን ስታስቢው ያንገበግባል።

ስለዚህ ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ድርጅቱን ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ልምዴን የሚያረጋግጥልኝ ብቁ ባለሙያ አላችሁ? ለፈተና ፈቃድ ትሰጣላችሁ? «እሱ በሂደት ይታያል» ካሉሽ ባንኩን ያዢ።