የቮልስ ሽቦ ጫፍ፦ ሊድ ወይስ ክሪምፕ?

«እ.ኤ.አ. የ1964 ቮልስ አለኝ፣ 6 ቮልት ነው። የፊት መብራቱ ይደበዝዛል፣ ሽቦውን ስነካካው ይመለሳል። ኤሌክትሪሻኑ የሽቦውን ጫፍ ሁሉ በሊድ እንበይደው አለኝ፣ ልስማማ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ አትስማማ። በደንብ ክሪምፕ ይደረግ፣ ማለትም ጫፉ ላይ የሚገባው ብረት (ተርሚናሉ) በፒንሳ ተጨምቆ ሽቦውን ይያዝ።

ሊድ ሲቀልጥ በመዳቡ ክሮች መሃል እየተሳበ ፕላስቲኩ ውስጥ ይገባል። ያ ቦታ ከዚያ በኋላ ድርቅ ይላል፣ አይታጠፍም። መኪና ደግሞ ሁሌ ይንቀጠቀጣል፣ ኮብልስቶን ላይማ አይነሳ። ሽቦው ሊዱ ካለቀበት ቦታ ላይ ይበጠሳል። ፕላስቲኩ ከላይ ደህና ስለሚመስል ብልሽቱን ፈልጎ ማግኘት አበሳ ነው።

የቮልስ ኦሪጅናል ተርሚናል ሁለት ጥንድ ክንፍ አለው። የፊተኛው መዳቡን ይይዛል፣ የኋለኛው ፕላስቲኩን። ብዙ ጋራዥ ውስጥ በተራ ፒንሳ ይጨፈልቁታል፤ ይሄ በጣም ያንገበግበኛል። ለዓይን የያዘ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ክፍተት አለ። ትክክለኛው የክሪምፕ ፒንሳ ክንፎቹን ጠቅልሎ ወደ መሃል ያጥፋቸውና ክሮቹ ውስጥ ይቀብራቸዋል። በደንብ የተሠራውን ከጫፉ በኩል ስታየው የተጋደመ የእንግሊዝኛ «ቢ» ፊደል ይመስላል። ክሮቹ ተጣብቀው አየር ስለማያስገቡ መዳቡ ቶሎ አይበላም።

የተርሚናሉ ልክ ከሽቦው ጋር ይግጠም። የሽቦህ ውፍረት 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሆኖ ለ4 የተሠራ ተርሚናል ከገዛህ ምንም ብትጨምቀው አይይዝም። መዳቡ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከሆነ የሚያብረቀርቅ እስኪወጣ ቆርጠህ ላጠው። ካልወጣ ሽቦውን ቀይረው። የተርሚናሉን የፕላስቲክ ሽፋን ደግሞ ቀድመህ ሽቦው ላይ አስገባ፣ በኋላ አያልፍም። ስትጨርስ በእጅህ ጠንከር አድርገህ ጎትተው። ከወጣ አሁን ቢወጣ ይሻላል።

6 ቮልት ላይ ይሄ ሁሉ እጥፍ ይከብዳል። 45 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 4 አምፒር እንኳ አይስብም፣ በ6 ቮልት ግን 7.5 ይስባል። ትንሽ የላላ ጫፍ ይሞቃል፣ መብራቱን ይበላል።

ከመቁረጥህ በፊት ግን ለካ። መብራቱን አብርተህ የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን አምፖሉ ጋ በሚደርሰው ሽቦ ጫፍ ላይ አድርግ። የሚያሳይህ ቁጥር መንገድ ላይ የቀረውን ቮልት ነው። ግማሽ ቮልት ከደረሰ ስዊቹን፣ ፊውዙንና ጫፎቹን አንድ በአንድ እየለካህ ሂድ። በኔጋቲቭ በኩልም እንደዚሁ ለካ። ችግሩ እዚያ ከሆነ ቡናማው ሽቦ ቦዲው ላይ የታሰረበትን ቦታ ዝገቱንና ቀለሙን ፍቀህ መልሰህ እሰረው። ሽቦ መንቀል ስትጀምር ከኋላ ወንበር ስር ያለውን ባትሪ ኔጋቲቩን ቀድመህ ፍታ።