ገዳም ልግባ ወይ ላለችኝ ነርስና ለእኩዮቿ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት ወጣት ነርስ ቀርባ፣ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ በሽተኛ እያየሁ ክርስቶስን የምከተለው መቼ ነው? ገዳም ብገባ አይሻለኝም?» ብላ ጠየቀችኝ። ቆመን የመለስኩላት መልስ እሷንም እኔንም አላረካንም። ጥያቄው የእሷ ብቻ ስላልመሰለኝ ለሁላችሁም ጻፍኩ።

ጹሙ፣ ጸልዩ፣ ቁረቡ አልላችሁም። ያንን የንስሐ አባታችሁ ይነግሯችኋል።

ከትምህርት ቤት ወጥቼ የተመደብኩት በአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ብዙዎቻችን ማተባችንን ከሸሚዛችን ሥር እንደብቅ ነበር። እዚያ አንድ ሸምገል ያሉ ድሬሰር ነበሩ። ቁስል ማጠብና ማሸግ በአብዛኛው የእሳቸው ሥራ ነበር።

አንድ ሌሊት በቃሬዛ ከቆላ የመጣ ገበሬ ገባ። የእግሩ ቁስል ከሰነበተ ቆይቷል፤ የታሰረበት ጨርቅ ከሥጋው ጋር ተጣብቋል። ሽታው ክፍሉን ስለሞላው ተሸክመው ያመጡት ዘመዶቹ እንኳ ወደ በሩ ፈቀቅ ብለው ነበር። የቸኮለ ሰው ጨርቁን ይዞ ይስበዋል፣ ሰውየው ይጮኻል፣ ሥራው ያልቃል። እሳቸው ግን ጨው ያለበት ውኃ ለብ አድርገው አመጡና በርጩማ ስበው ከእግሩ ሥር ተቀመጡ። ጨርቁን በጥጥ ያርሳሉ፣ ይጠብቃሉ፤ ጫፉ ሲላቀቅ ቀስ ብለው ያነሡታል፣ እንደገና ያርሳሉ። እስኪለቅ ድረስ ስለ በሬዎቹ፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቁታል። በመካከል «የክርስትና ስምህ ማን ነው?» አሉት። ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ዝም ብለው ሠሩ፤ ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀስ ነበር። ጨርቁ ተላቆ ሲወጣ ሰውየውን እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት ነበር።

ያን ጥያቄ ለእሱ ብቻ አልነበረም የሚጠይቁት። ሙስሊም ታካሚ ሲሆን ስሙን ብቻ ንገረኝ ይሉታል። ከአዳር ሲወጡ በሆስፒታሉ አቅራቢያ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ጎራ ብለው ከቅጽሩ ውጭ ይቆሙና ያን ሁሉ ስም አንድ በአንድ ይጠራሉ። ከሩቅ መጥቶ ድኖ፣ መመለሻ ላጣ ሰው ደግሞ የአውቶቡስ ከኪሳቸው ይከፍላሉ። ይህን የሰማሁት ከሒሳብ ሠራተኛው ነው፤ እሳቸው አንድም ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

ከዚያ ሆስፒታል ከተዛወርኩ ከዓመታት በኋላ የግብፅ በረሃ አባቶችን ታሪክ ሳነብ አባ እንጦንስ ላይ ደረስኩ፤ ጥር 22 የምናስበው የመነኮሳት አባት። ያ ታላቅ ባሕታዊ በበረሃ ሳለ፣ በከተማ ከእሱ ጋር የሚተካከል ሰው እንዳለ ተገለጠለት። ሰውየው ሐኪም ነው። ከሚያስፈልገው የተረፈውን ለድሆች ይሰጣል፤ በየቀኑም ከመላእክት ጋር ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ እያለ ያመሰግናል። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ስለ ተአምር የሚለው የለም።

ወዲያው እኒያ ድሬሰር ታወሱኝ። ይህን ከማን እንደ ተማሩት፣ ሲሰለቻቸውና ሲደክማቸው ምን እንደሚያደርጉ ልጠይቃቸው ፈለግሁ። ባልደረቦቻችንን ሳጠያይቅ ማረፋቸውን ሰማሁ። አብረን ስንት ሌሊት አድረናል! እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በየመሥሪያ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ሳይርቃችሁ ጠይቁት።

ገዳም መግባትን እየነቀፍኩ አይደለም። አባ እንጦንስ ራሱ «ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ» የሚለውን ቃል በቤተ ክርስቲያን ሰምቶ ነው የወጣው፤ እንዲህ የሚጠራ ሰው ዛሬም አለ። የሥራ ድካምን ለመሸሽ የሚገባ ግን ድካሙን ይዞት ይገባል። ይህን ብዬ ደግሞ ደብረ ሊባኖስ ወርዳችሁ ሱባኤ ያዙ እላለሁ። ዝምታን ያልቀመሰ ሰው በወረፋ መካከል መጸለይ አይሆንለትም።

እናንተ ከእኛ በአንድ ነገር ትበልጣላችሁ፤ በእምነታችሁ አታፍሩም። የቅዱሳንን ሥዕል በስልካችሁ ትለዋወጣላችሁ፣ በዓላቸውን ታደምቃላችሁ። ነገር ግን ተአምራቱን ስትቀባበሉ ኑሯቸው ይዘለላል። ኋላ የመነኮሰው ሙሴ ጸሊም ሽፍታ እንደ ነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በግብፅ በረሃ፣ በአስቄጥስ፣ መነኮሳቱ በበደለ አንድ ወንድም ላይ ሊፈርዱ ሲጠሩት ግን በተቀደደ ቅርጫት አሸዋ ተሸክሞ መምጣቱን፣ «ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈስሳል፣ እኔ አላየውም» ማለቱን ስንቶቻችሁ በሥራ ባልደረባችሁ ስም ላይ ስትነጋገሩ ታስታውሱታላችሁ?

እናቴ ነሐሴ 24 ቀን ዝክር ታወጣ ነበር፤ የተክለ ሃይማኖትም የክርስቶስ ሠምራም መታሰቢያ ነው። ዝናቡ ሲያወርደው እንኳ ዳቦው የሚቆረሰው መጀመሪያ በደጅ ለቆሙት ነዳያን ነበር። ስለ ክርስቶስ ሠምራ ስትነግረን ሁሉም የሚያወራውን፣ ሰይጣን ከፈጣሪ ጋር እንዲታረቅ መለመኗን፣ አታስቀድምም። የምትጀምረው ከቡልጋዋ የቤት እመቤት፣ ከባለትዳሯና ከልጆች እናት ነው። ገድሏ እንደሚለው ይህች ሴት በቁጣ አገልጋይዋን ለሞት አበቃች። ደንግጣ እያለቀሰች ለመነች፤ አገልጋይዋ ከሞት ተነሣች፤ እሷም እንደ ስእለቷ መነነች። መንገዷ የተጀመረው በጓዳ፣ በሠራተኛዋ ፊት ነው።

እኔን ይህ ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ነጠላችሁን አጣፍታችሁ ማልዳችሁ ስትወጡ፣ ማታ ያመሸችው የቤት ሠራተኛችሁ ቁርስ ልታደርስ ጓዳ ትቀራለች። የክርስትና ስሟን ታውቃላችሁ? መቼ እንደ ቆረበችስ? በመጪው እሑድ እሷ ሄዳ ታስቀድስ፤ ቁርሱን እናንተ ሥሩት።