ሕክምናውን ትቼ ሥዕል ልማር ወይ?

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ጅማ ላይ ሁለተኛ ዓመት ሜዲሲን ተማሪ ነሽ። ሌላው የአጥንት ስም ሲሸመድድ አንቺ ደብተርሽ ጠርዝ ላይ አጥንቱን ትስያለሽ። «ትቼው ሥዕል ልማር? አባቴ ግን ጉልበቱን እያመመው ነው የሚያስተምረኝ» ብለሻል።

አትተዪው። የምትወጂው ነገር ያለው እዚያው አናቶሚ ክፍል ውስጥ ነው።

የአናቶሚ ሊቁ ቬሳሊየስ እ.ኤ.አ. በ1543 ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ ላይ ስለ ሰው አካል የጻፈውን መጽሐፍ ሲያሳትም ገና 28 ዓመቱ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሐኪሞች የጥንቱን ሐኪም የጌለንን ቃል ይዘው የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው ይሉ ነበር። ጌለን ከፍቶ ያጠናው በብዛት እንስሳ ነበርና። ቬሳሊየስ የሰውን መንጋጋ አገላብጦ አየ። አንድ ነው። ይህን ሁሉ ለዓለም ያሳየው በጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ በሥዕልም ነው። አንደኛው አጽም ክርኑን አስደግፎ፣ እጁን የራስ ቅል ላይ አኑሮ፣ ሐሳብ እንደገባው ሰው ቆሟል። እኔ አይቼ አልጠግበውም። የክንድ አጥንቶች ክርን ላይ እንዴት እንደሚገጥሙ ሳትሸመድጂ ይገባሻል።

አንድ ነገር ግን አትርሺ። በዚያ ዘመን ለትምህርት የሚከፈተው አካል በአብዛኛው ሞት የተፈረደበት ሰው ነበር፤ ፈቃዱን የጠየቀው የለም። ስለዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ አስከሬን በስልክ እንዳታነሺ። አጥንት ለመሳልም መምህርሽን አስፈቅጂ።

ኔዘርላንድ፣ ላይደን ከተማ የነበረው የአናቶሚ መምህር አልቢነስ የአጽሙ መጠን እንዳይዛባ ብሎ ሠዓሊው ዋንደላር በክር መረብ እያየ እንዲስል አደረገ። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1747 ታተመ። አንቺም ሞክሪው። ጅማ አናጢ ሞልቷል፤ የእንጨት ፍሬም አሠሪና በየሁለት ሴንቲሜትሩ ክር ወጥሪበት። ወረቀትሽ ላይም ያንኑ ካሬ አስምሪ። መብራቱን ከአንድ ጎን አድርጊው፣ ጎድጓዳው እንዲወጣ። ከእጅ ጀምሪ፤ አንዱ እጅ ብቻ 27 አጥንት አለው። ከመጽሐፍ አትገልብጪ።

ሥራውስ? አገራችን ውስጥ «የሕክምና ሠዓሊ» የሚል ማስታወቂያ ብዙም አታዪም። ሥራው ግን አለ። መምህራን ለሞጁላቸው፣ ቀዶ ሐኪሞች ለጥናታቸው፣ ጤና ጣቢያዎች በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ለሚለጥፉት ፖስተር ሥዕል ይፈልጋሉ። አጥንቱን የሚያውቅ ሠዓሊ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። የአናቶሚ ሥዕል መጽሐፉን (አትላሱን) የምታጠኚው ኔተር ራሱ ሥዕል ተምሮ ሐኪም የሆነ ሰው ነው።

አባትሽን በክርክር አትጀምሪው። የጉልበት መገጣጠሚያ በደንብ ሳዪና አጠገቡ ቁጭ ብለሽ የሚያመው የት ጋ እንደሆነ አሳዪው። ስለ ሥዕሉ ከዚያ በኋላ አውሩ።