ስማቸው ከዝርዝሩ የቀረ ጎረቤት

ጥያቄ፦ በደቡብ ወሎ፣ በተሁለደሬ ወረዳ በሚገኝ አንድ የገጠር ቀበሌ የማስተምር መምህርት ነኝ። ከተከራየሁበት ግቢ አጠገብ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ እናት ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። የልጆቹ እናት ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗል፤ ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው አባታቸውም ባለፈው ዓመት ዐርፏል። እማማ ዐይናቸው እየደከመ ስለሆነ ማሳቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተዋል፤ የሚደርሳቸው እህል ግን እስከ ሰኔ አያዘልቅም። አንድ ጊዜ ድጋፍ ለመጠየቅ ሄደው «ምዝገባው አልፏል» ተብለው ከተመለሱ ወዲህ «ሁለተኛ ፊቴን ለሰው አላሳይም» ይላሉ። እኔ የአገሩ ተወላጅ አይደለሁም፤ ክብራቸውን ሳልነካ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህታችን፣ ከእሳቸው ፈቃድ ይጀምሩ። ሳያማክሯቸው ስማቸውን ይዘው ወደ ጽሕፈት ቤት ቢሄዱ፣ ያሰቡት በጎ ነገር ለእማማ ሌላ ኀፍረት ሊሆንባቸው ይችላል። ቡና በሚጠጡበት ሰዓት ቁጭ ብለው፣ የሚጠይቁት ምጽዋት አለመሆኑን ያስረዷቸው፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን እንዲረዳ ኀላፊነት ሰጥቶታል። እሺ ካሉ አብረዋቸው ይሂዱ እንጂ በእሳቸው ስም ብቻዎን አይመላለሱ።

ከደብዳቤዎ ውስጥ ዐይኔ የቆመው «ፋብሪካ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ድርጅት ሠራተኞች በጡረታ ዐቅድ ስለተሸፈኑ፣ ሟቹ ቋሚ ሠራተኛ ከነበረና መዋጮው ከደመወዙ ሲቆረጥ ከቆየ፣ ልጆቹ እንደ አገልግሎቱ ዘመን የተተኪ አበል (ለሟች ቤተሰብ በየወሩ የሚከፈል) ወይም ዳረጎት (በአንድ ጊዜ የሚከፈል) የማግኘት መብት ሊኖራቸው ይችላል። ይህ የአባታቸው ላብ ነው፤ ማንም ሰው በኮሚቴ መርጦ የሚሰጣቸው አይደለም። ስለዚህ አባትየው ይሠራበት ከነበረው ድርጅት አስተዳደር የቅጥርና የመዋጮ ማስረጃውን፣ ከቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የሞት የምስክር ወረቀቱንና የልጆቹን የልደት የምስክር ወረቀት፣ ከወረዳው ፍርድ ቤት ደግሞ የእማማን የሞግዚትነት ማስረጃ አሰባስባችሁ ለግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ እስካሁን ሳይመዘገብ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን አስቀድመው ያጣሩ። ሕጉ የጡረታ ጥያቄ የሚቀርብበትን ጊዜ በይርጋ ስለሚገድበው፣ ይህን ጉዳይ ከሌሎቹ ሁሉ ያስቀድሙት።

ተወላጅ አለመሆንዎ ያሳስብዎት ይመስላል፤ እዚህ ላይ የወሎ ቅሬ ያግዝዎታል። በሌላው አገር ዕድር የሚባለው ይህ ማኅበር ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ የሚያሰባስብ ስለሆነ፣ የማን ቤት ጭስ እንደማይወጣ ከማንም ጽሕፈት ቤት ቀድሞ ያውቃል። የቅሬውን ዳኛ፣ ማለትም መሪውን፣ በአክብሮት ያነጋግሯቸው፤ እማማ መዋጮ አቅቷቸው ከቅሬው ርቀው እንደሆነም ይጠይቁ፤ እንዲህ ከሆነ መዋጮው እንዲቀርላቸው መወሰን ለቅሬው ከባድ አይሆንም። እኔ በግሌ ይህን ከገንዘቡ አስበልጬ አየዋለሁ፤ አንድ አረጋዊ ሰው ከቅሬው ከወጣ፣ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስሙን የሚያነሣለት ሰውም አብሮ ይጠፋልና።

የስም መነሣት የሚያስፈልገው ለሴፍቲኔት፣ ማለትም ምግብ ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች ለሚሰጠው ድጋፍ፣ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ፕሮግራም በታቀፉት የገጠር ወረዳዎች ሁለት ዐይነት ተጠቃሚዎች አሉት፤ መሥራት የሚችሉት በማኅበረሰብ ሥራ ተሰማርተው በዓመት 6 ወር ይከፈላቸዋል፣ እንደ እማማ ጉልበታቸው የደከመና ሌላ ሠራተኛ በቤታቸው የሌላቸው ደግሞ በቋሚ ቀጥተኛ ድጋፍ ያለ ሥራ ለ12 ወር እንዲረዱ ደንቡ ያዛል። ምርጫው የሚካሄደው በማኅበረሰቡ ተወካዮችና በቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኀይል አማካይነት ሲሆን፣ የተመረጡት ዝርዝር በሕዝብ ፊት ቀርቦ አስተያየት ይሰጥበታል። «ምዝገባው አልፏል» የሚለው መልስ ለመጪው ዙር አይሠራም፤ የሚቀጥለው ምርጫ መቼ እንደሆነ ይጠይቁ፣ የቅሬው ሽማግሌም በዕለቱ ተገኝተው ይመስክሩላቸው። አሁንም ከቀሩ፣ ለቀበሌው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ በጽሑፍ ያመልክቱና የማመልከቻውን ቅጂ እጅዎ ላይ ያስቀሩ። እስከዚያው ድረስ የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የልጆቹን ነገር እንዲያውቅ ማድረግ፣ በትምህርት ቤትዎም ለደብተርና ለደንብ ልብስ የሚረዳ መላ ካለ እነዚህን ሁለት ልጆች ማስታወስ የእርስዎ ድርሻ ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን በተመለከተ ዕድለኞች ናችሁ፤ ተሁለደሬ መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ ሲጀመር ለሙከራ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ ስለነበረች፣ አሠራሩን የሚያውቅ ሰው አታጡም። ዓመታዊ መዋጮውን መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች ክልሉና ወረዳው ይሸፍኑላቸዋል፤ ሆኖም ይህም በቀበሌ መለየትን ስለሚጠይቅ፣ በምዝገባና በዕድሳት ወቅት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አስቀድመው ያነጋግሩ። የልጅ ልጆቹም ስም በካርዱ ላይ መስፈሩን ሳያዩ አይመለሱ።

ካርዱ ከወጣ በኋላ የዐይናቸው ጉዳይ እንዳይዘነጋ። የእርጅና የዐይን መድከም ብዙ ጊዜ በሞራ ግርዶሽ የሚመጣ ሲሆን፣ ይህ ደግሞ በቀላል ቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ታይተው የሪፈር ወረቀት ይጻፍላቸው፤ በዐይን ሕክምና የታወቀው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከደሴ አጠገብ ስለሆነ ከእናንተ የራቀ አይደለም። ያለ ሪፈር በቀጥታ ቢሄዱ መድኑ ላይሸፍንላቸው ይችላል። ወደ ሆስፒታል የሚሄዱበትን ቀን ከቅሬው ዳኛ ጋር ይነጋገሩበት፤ ለመጓጓዣ የሚሆን ጥቂት ገንዘብና እጃቸውን ይዞ የሚሄድ አንድ ጠንካራ ወጣት ከቅሬው ቢመደብላቸው፣ እርስዎ ደግሞ በዚያ ቀን ልጆቹን ከትምህርት ቤት ተቀብለው ምሳቸውን ያብሏቸው።