ጥያቄና መልስ፦ ነዳጅና ማዕድን ሲገኝ ቱሪዝሙ ምን ይሆናል?

ሜሮን፦ መምህር፣ ነዳጅ ያገኘ አገር በገንዘቡ መንገድና ኤርፖርት ይሠራል። ታዲያ ቱሪዝሙ የሚጎዳው በምን በኩል ነው?

መልስ፦ በሁለት በኩል። የዶላር ገቢ ሲጎርፍ የአገሩ ገንዘብ ይጠነክራል፤ ማዕድኑ ደግሞ ሾፌሩን፣ መካኒኩንና ምግብ አብሳዩን በተሻለ ደመወዝ ይወስዳል። የመጀመሪያውን በቁጥር እንየው። የአንድ ክፍል ዋጋ በአገሩ ገንዘብ 100 ነው እንበል። 1 ዶላር በ2 ሲመነዘር እንግዳው 50 ዶላር ይከፍላል። ምንዛሪው 1.60 ሲሆን ያው ክፍል 62.50 ዶላር ገባ፤ ሆቴሉ ሳንቲም ሳይጨምር በ25 በመቶ ተወደደ። ሠራተኛ እንዳይሄድበት ደመወዝ ጨምሮ ዋጋውን 110 ካደረገ 68.75 ዶላር ይሆናል። ቀድሞ የሚከስረው አስጎብኚ ድርጅቱ ነው፤ የጉዞውን ዋጋ ከወራት በፊት በዶላር ቆርጦ ስለሸጠ ልዩነቱን ከኪሱ ይሞላል።

ተስፋዬ፦ ምንዛሪው በመንግሥት የተወሰነ ከሆነስ? ያኔ ችግሩ የለም ማለት ነው?

መልስ፦ አለ፤ የሚመጣው በዋጋ ንረት በኩል ነው። የባንክ ምንዛሪውን ብቻ አትዩ። የአገር ውስጥ ንረት በዓመት 12 በመቶ፣ እንግዶቹ የሚመጡበት አገር ንረት 2 በመቶ ቢሆን፣ ምንዛሪው ሳይነቃነቅ በ3 ዓመት ውስጥ አገሩ ለእንግዳ 32 በመቶ ያህል ይወደዳል። ኪራይ፣ ምግብና የአገር ውስጥ ትራንስፖርት ቀድመው ይወደዳሉ። የአንጎላ ዋና ከተማ ሉዋንዳ በነዳጁ ዘመን ለውጭ ሰው ከዓለም እጅግ ውድ ከተሞች አንዷ የነበረችው በዚህ መንገድ ነው።

ዳዊት፦ በማዕድን ከተሞች እኮ ሆቴሉ ሞልቶ በረራው ጨምሯል። ይሄ ጉዳት ነው?

ሰብለ፦ የሞላው በኩባንያ ሠራተኛ ነው። ቱሪስቱ አልጋ አጥቶ ሌላ አገር ሄደ።

ዳዊት፦ ገንዘብ ገንዘብ ነው፤ ሆቴሉን ምን ቸገረው?

ሰብለ፦ ሆቴሉን ምንም። የጀልባ ባለቤቱንና አስጎብኚውን ግን ይቸግራቸዋል፤ የማዕድን መሐንዲስ ደሴት ለመጎብኘት አልመጣም።

መልስ፦ ሰብለ ልክ ነች። የተያዙ ክፍሎችን ብዛት በደፈናው አትዩ፤ በጉዞው ዓላማ ከፋፍሉት። መረጃ ከሌለ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለውን ከቅዳሜና እሁዱ ጋር አወዳድሩ። በሥራ ቀን ሞልቶ ቅዳሜ ባዶ ከሆነ እንግዳው ሠራተኛ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ በማዕድን ግንባታው ዘመን የፐርዝ ሆቴሎች እንዲህ ነበሩ። በዚያው ወቅት የአውስትራሊያ ዶላር ከአሜሪካው በልጦ ስለነበር አውስትራሊያውያን ራሳቸው ለእረፍት ወደ ውጭ ጎረፉ። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል፦ የአገሬው ቱሪስትም ይሄዳል።

ኪሩቤል፦ በአጭሩ ነዳጅ ለቱሪዝም ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። አገሩን፣ የምንዛሪውን ዓይነትና ምርቱ ከጀመረ ስንት ዓመት እንደሆነው ጨምረህ ጠይቅ።

ሀና፦ በዱር እንስሳትና በውሃ ላይ ስለሚያደርሰውስ?

መልስ፦ ይሄን የአካባቢ ባለሙያ ይመልሰው።

ተስፋዬ፦ መፍትሔው ምንድን ነው?

መልስ፦ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ወደ አገር ውስጥ አለማስገባት። ኖርዌይ የነዳጅ ገቢዋን በፈንድ አድርጋ ውጭ አገር ታፈሳለች። በ2001 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ደንብ መንግሥት በዓመት የሚጠቀመው የፈንዱን 4 በመቶ ያህል ነበር፤ በ2017 ወደ 3 በመቶ ዝቅ ብሏል። ድርጅቶች በበኩላቸው ዋጋ የሚከለስበትን አንቀጽ በውል ውስጥ ያስገቡ፤ ዓመት ሙሉ የሚጸና ዋጋ አይስጡ።

ኪሩቤል፦ የነዳጅ ዋጋ ሲወርድስ ቱሪስቱ ይመለሳል?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ነዳጅ ሻጯን አዘርባጃንን ተመልከት፦ በ2015 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ 1 ዶላር በ0.78 ማናት (የአገሩ ገንዘብ) ይመነዘር ነበር፤ የነዳጅ ዋጋ ወርዶ በዓመቱ መጨረሻ 1.55 ደረሰ። አገሩ ለእንግዳ በግማሽ ያህል ረከሰ፤ መንግሥት ቪዛውንም ሲያቀልል የጎብኚው ቁጥር አደገ። ግን የሚረክሰው በአገሩ ገንዘብ የሚከፈለው ብቻ ነው፤ በዶላር የሚገዛው መኪናና መለዋወጫ ይወደዳል። ከሥራው የወጡት አስጎብኚዎችም የአገሩ ገንዘብ በረከሰበት ቀን አይመለሱም፤ ቋንቋና መስመር የሚያውቅ አዲስ ሰው ለማሠልጠን ወቅቶች ያልፋሉ።